አፉን የሚከፍት ቤዝ

የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ቲቢ-303 የተባለችውን የቤዝ ማሽን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሲሠራ፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወትለት ላጣ ሙዚቀኛ አጃቢ እንድትሆን ነበር። ድምጿ ግን ቤዝ ጊታርን አልመሰለም፤ ገዢ አጣች፤ በ1984 ምርቷ ቆመ። እንኳንም አልመሰለ!

በ1987 የቺካጎው ቡድን ፊውቸር “አሲድ ትራክስ”ን አወጣ። ከአሥር ደቂቃ በላይ አንድ አጭር የቤዝ ሐረግ ይመላለሳል፤ ሆኖም አይሰለችም፤ ምክንያቱም አንድ ሰው የዚያችን የቲቢ-303 ማዞሪያዎች ያለማቋረጥ ይነካካል። ድምፅ የሚያጣራው ፊልተር ሲዘጋ ቀጫጭኑ ድምፅ ታፍኖ ከታች የሚያጉረመርመው ብቻ ይቀራል። ቀስ እያለ ሲከፈት ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሰው ይቀርባል። ሬዞናንስ የሚባለው ማዞሪያ ደግሞ ፊልተሩ መቁረጥ የሚጀምርበትን ድንበር አጉልቶ ያስጮኸዋል። እኔን የሚማርከኝ ይኸኛው ነው፦ ሁለቱ አብረው ሲዞሩ ቤዙ ከ“ኡ” ወደ “ኢ” የሚያልፍ ጉሮሮ ያበቅላል፤ ያላዝናል፣ ይለምናል፣ ይቆጣል። ኖታው ግን ያው ነው።

ድምፁን ሆን ብሎ የሚያዛባው ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ከመሠረቱ ድምፅ በላይ አዳዲስ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። ስለዚህ የስልክ ትንሽ ስፒከር ዋናውን ወፍራም ድምፅ ማውጣት ቢያቅተው እንኳ፣ ጆሮ ከላይኞቹ ተነስቶ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል።