ተጫዋችን ስለ ማድነቅ

በጨዋታ የበረታን ሰው ማድነቅ የልጅነት ነገር ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይነቀፋል። ተጫዋቹ የካርታ ተጫዋች የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ነቀፌታው ይብሳል፤ በአገራችን የካርታ ስም ከቁማር ጋራ አብሮ ስለሚነሣ፣ ካርታ ተጫዋችን ማድነቅ ሥራ ፈትን እንደ ማመስገን ይቈጠራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ተጫዋችን ማድነቅ ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ መከራከር አይደለም፤ ነቀፉትም ተዉትም ሰው ማድነቁን አይተውምና። የምንመረምረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም አድናቂው ያደነቀውን ነገር ለይቶ ያውቀዋልን? የሚለው ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

«ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ፈልስፎት በ1993 ለገበያ ወጣ። ይህ ጨዋታ እኛ ከምናውቀው ካርታ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ካርታዎቹ እየተገዙና ከባልንጀራ ጋራ እየተለዋወጡ የሚሰበሰቡ ናቸው። ሁለተኛ፣ በተለመደው አጨዋወት እያንዳንዱ ተጫዋች ከሰበሰባቸው መካከል ቢያንስ 60 ካርታ ራሱ መርጦና አሰናድቶ ይቀርባል። ሲጀመር 7 ካርታ ያነሣል፤ 20 ነጥብ ሕይወትም ይሰጠዋል፤ የባላጋራውን ሕይወት ወደ ባዶ ያወረደ ያሸንፋል። ከ1996 ጀምሮ ገንዘብ የሚሸለምበት ዓለም አቀፍ ውድድር ስለ ተቋቋመለት፣ ጨዋታውን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች ተነሡ።

ከነዚህም ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው አሜሪካዊው ጆን ፊንክል ነው። በ1998 በኒው ዮርክ፣ በ2000 በብራስልስ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ ከዚያም ከብዙ ዓመት በኋላ በ2008 በኳላ ላምፑር አሸነፈ፤ በ2005 የዝነኞች መዝገብ ሲከፈትም ከመጀመሪያዎቹ 5 ሰዎች አንዱ ሆኖ ገባ። ነገር ግን ጀርመናዊው ካይ ቡደ በዚሁ ማዕርግ ባለው ውድድር 7 ጊዜ አሸንፏል። ነገሩ በቈጠራ ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ክርክሩ 7 ለ3 ተብሎ ባለቀ ነበር። ሆኖም ፊንክልን ከቡደ ጋራ የሚያስተካክሉ፣ አልፎም የሚያስበልጡ አድናቂዎች ብዙዎች ናቸው። ቍጥሩ ስለማያግዛቸው ምክንያት ማቅረብ ግድ ሆነባቸው፤ ሒስ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ምክንያት ማቅረባቸውም የግድ የሆነው በጨዋታው ጠባይ ጭምር ነው። ካርታ ይበወዛል፤ የተበወዘ ነገር ደግሞ ለሰነፍ ሊያደላ፣ ብልኅን ሊያስለቅስ ይችላል። ስለዚህ ማሸነፍ ብቻውን የብልኅነት ምስክር አይሆንም። በ2000 ፊንክልና ቦብ ማኸር ለፍጻሜ ሲገናኙ፣ ሁለቱ ያሰናዱት ካርታ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበረ። መሣሪያው አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከሁለት ቦታ ብቻ ይመጣል፤ ወይ ከዕድል፣ ወይ ከአጨዋወት። አስተዋይ አድናቂ «አሸነፈ» ብሎ አይቆምም፤ ያን ጊዜ በእጁ ይህ ካርታ ነበረ፣ ባላጋራው ይህን ሊይዝ ይችል ነበረ፣ እርሱ ግን ይህን መረጠ ብሎ ያስረዳል። ፊንክል በተሸነፈበት ጨዋታ እንኳ ደኅና የተራመደበትን ቦታ ለይቶ ያሳያል።

ይህን የሚጽፈው ተማሪ የእምድብር ልጅ ነው፤ ከነዚያ ካርታዎች አንዷን እንኳ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ቢሆንም የፊንክል አድናቂ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው የውድድሩ አዘጋጆች የታላላቆቹን ጨዋታዎች አካሄድ እየጻፉ፣ የተመረጡትንም ካርታዎች በዝርዝር እያተሙ ስላወጡ ነው። የተጻፈ ጨዋታ ከባሕር ማዶ እስከ ቸሀ ምድር ይደርሳል። እዚያው እምድብር ውስጥ የተደረገ ያማረ ጨዋታ ግን ወልቂጤ እንኳ ሳይደርስ ይቀራል።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ካርታዎቹን የሚያትመውና የሚሸጠው ኩባንያ ነው፤ የተጫዋቹ ዝና ሲያድግ ሽያጩም ያድጋል። እንዲያውም በ2001 የፊንክል መልክ የተሣለበት ካርታ ታትሞ ወጥቷል። እንግዲህ አድናቆቱ ራሱ የሸቀጥ ማሻሻጫ አይደለምን? ይህ ተቃውሞ እውነትነት አለው። ነገር ግን ነጋዴው የተጫዋቹን ፊት ሊሸጥልን ይችላል እንጂ፣ አንድ ምርጫ ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ሊወስንልን አይችልም። ፊቱን የሚያደንቅ የነጋዴው ደንበኛ ነው፤ ምርጫውን የሚያደንቅ ግን የራሱ ዳኛ ነው።

ይህ ልዩነት በአገራችንም የቆየ መሆኑን የሚያሳይ ምስክር አለን። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ወደ ሕንጣሎ ሄዶ የትግራዩን ገዢ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ሶልት እንደሚተርከው፣ ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት ነበረ፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ፣ ባሮች ሳይቀሩ፣ አሳብ ይሰጡ፣ ጠጠሩንም እያነሡ የሚሻለውን እርምጃ ያሳዩ ነበር። በመጨረሻ ግን ባላጋራዎቹ በብልኀት እየተሸነፉ ድሉን ሁልጊዜ ለራስ ይለቁላቸው ነበረ ይላል።

ሶልት ይህን የጻፈው እንደ አስቂኝ ነገር አድርጎ ነው፤ እኛ ግን ጠለቅ ብለን ልንመለከተው ይገባናል። በመጀመሪያ፣ ባርያ በገዢ ፊት ጠጠር አንሥቶ «ይህ ይሻላል» የሚልበት ስፍራ ተራ ስፍራ አይደለም፤ በሸንጎ የማይፈቀድለት ቃል በሰንጠረዥ ተፈቅዶለታልና። ሁለተኛ፣ ሳያስነቁ መሸነፍ ከማሸነፍ የከበደ ጥበብ ነው። ሆን ብሎ የሚሸነፍ ሰው የሚበልጠውን እርምጃ አስቀድሞ ማወቅ፣ አውቆም መሸሽ አለበት። እንግዲያስ በሕንጣሎ ከነበሩት ተጫዋቾች የበለጡት ምናልባት ተሸናፊዎቹ ነበሩ፤ የአንዳቸውንም ስም ግን ሶልት አልጻፈልንም። ራስ ወልደ ሥላሴም ቢሆኑ ተጐድተዋል፤ በእውነት ጐበዝ ተጫዋች እንደ ነበሩ ወይም እንዳልነበሩ በዚያ ድል ሊያውቁ አይችሉም ነበርና። እንዲህ ያለው አድናቆት ያደነቀውን ሰው ይዘርፈዋል።

ይህም ሲባል አባቶቻችን የጨዋታ ውበት መለኪያ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ የሰንጠረዥን ሕግ ዘርዝሯል። በመጀመሪያው ክፍል፣ ማለት በወረራው፣ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ይራመዳሉ፤ የአንዱ ዓይን በሌላው እጅ ላይ ነው። በፍጻሜውም ንጉሡን መማረክ ብቻውን አያስመሰግንም ነበር። በብርቱዎቹ ጠጠሮች፣ በደር ወይም በፈረስ፣ የማረከ ሰው እምብዛም አይወደስም፤ በደካሞቹ የማረከ ግን ይጨበጨብለታል። እንግዲህ ተመልካቹ «አሸነፈን?» ብቻ ሳይሆን «በምን አሸነፈ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሕጉ ተጽፎ ቀርቷል፤ ያ የተጨበጨበለት እርምጃ ግን የትኛው እንደ ነበረ ዛሬ የሚነግረን የለም።

ወደ እምድብር ስንመለስ፣ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን እናያለን። በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባና ከሌላውም አገር የሚገባው ሰው ከተማውን ሲሞላው፣ በጀፎሮው ሣር ላይና በየሱቁ ደጃፍ ጨዋታ ይደራል። ልጆች መሬት ቆፍረው ገበጣ ይጫወታሉ፤ ጐልማሶች በጣውላ ላይ ቆርኪ ደርድረው፣ የአንዱን በፊቱ የሌላውን በጀርባው አድርገው፣ ዳማ ይገጥማሉ። ተመልካቹም እንደ ሕንጣሎው ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይቈጣል፣ ጣቱን ይቀስራል። ነገር ግን ጨዋታው ሲያልቅ የሚወራው ማን ማንን ስንት ለስንት እንዳሸነፈ ነው። ጨዋታው ሲካሄድ የተነገረው ዕውቀት ሁሉ ቆርኪው ሲሰበሰብ አብሮ ይበተናል።

ተመራማሪዎቻችንም ከዚህ ጉድለት ነፃ አይደሉም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ሰንጠረዥ ያሳተሟቸው ጥናቶች ትልቅ ውለታ ናቸው፤ ያለ እነርሱ ብዙው ነገር በጠፋ ነበር። ሆኖም ዋና ትኩረታቸው በሕጉ ላይ ነው፤ ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ጠጠር፣ በየት በኩል ይዞራል የሚለውን ያስተምሩናል። ሕግ ግን ጨዋታ አይደለም፤ ሰዋስው ቅኔ እንዳልሆነ ሁሉ። በሕጉ ውስጥ ሆኖ ሌላው ያላየውን የሚያይ ተጫዋች ገና መዝጋቢውን ይጠብቃል።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፣ ከሠፈራችሁ በዳማ ወይም በገበጣ የታወቀውን ሰው ፈልጉ። የዳማውን ቤቶች፣ የገበጣውን ጉድጓዶች በቍጥር ሰይሙ፤ ከዚያም አንድ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ጻፉ። ተመልካቹ «አይ!» ብሎ የጮኸበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ ለምን እንደ ጮኸም ጠይቁት። መልሱን በተናገረበት ቋንቋ ጻፉት። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የሺነጋ መንደር ታሪክ በቸሀ ቋንቋ ተጽፎ፣ በ1964 በእንግሊዝኛ ትርጕም ከታተመ፣ የዳማ ተመልካች ቃል በቸሀ የማይጻፍበት ምክንያት የለም። ተጫዋቹ የተሸነፈበትንም ጨዋታ አትተዉ፤ ድሉን ብቻ የሚሰበስብ ከሕንጣሎ ባላጋራዎች አይሻልምና።

እንዲህ ያለ አንድ መዝገብ ቢገኝ፣ የእምድብሩን ዳማ ተጫዋች ሰው በስማ በለው ከማወደስ ዐልፎ በእርምጃው ሊመዝነው ይችላል። ምናልባት እንደ ተወራለት ሆኖ አይገኝ ይሆናል፤ ምናልባትም ከተወራለት ይበልጥ ይሆናል። ሁለቱም ቢሆኑ ለተጫዋቹ ክብር ናቸው፤ በእውነት ታይቷልና።