ዲጅኖው የት ነው?

ሰው ቤቱን ዘግቶ ለመሄድ ሲነሳ እኔ ዘንድ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጠንካራው ጓጉንቸር የቱ ነው?» የምኖረው ከብረት በርና ከቁልፍ ሥራ ነውና ጓጉንቸር መሸጥ አልጠላም። ግን መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠለው ምን ላይ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተዘግቶ የሚኬድበት ጊዜ የታወቀ ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል፣ ለገና ላሊበላ፣ ለፋሲካ አገር ቤት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆችን ይዞ ሐዋሳ። አሁን አሁን ደግሞ ረጅሙ ጉዞ በዝቷል፤ አሜሪካ ያለች ልጅ ስትወልድ እናት ልታርሳት ትሄዳለች፣ አባትም ይከተላል፣ ቤቱ ወራት ተዘግቶ ይከርማል።

የቁልፍን ነገር ካነሳን፣ ቁልፉ ራሱ እምብዛም አያስቸግርም። ዛሬ በየኪሳችን ያለው አሠራር አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ልጅየው እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ፒኖች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱን ሞላ ይጫነዋል፤ ጥርሱ ልኩ የሆነ ቁልፍ ሲገባ ብቻ ሁሉም እኩል መስመር ላይ ይቆሙና ሲሊንደሩ ይዞራል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1851ዱ የለንደን ታላቅ ዐውደ ርዕይ ጊዜ፣ አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ ለአሥርተ ዓመታት የሚከፍተው የጠፋውን የብራማ ቁልፍ ከፍቶ 200 ጊኒ ወስዷል። ታዲያ የፈጀበት በ16 ቀን የተከፋፈለ 51 ሰዓት ነው። የሰፈራችን ሌባ ይህን ያህል ጊዜ ከየት ያመጣል? የቁልፉን ቀዳዳ ዞር ብሎም አያየው። ዐይኑ ያለው ጓጉንቸሩ የገባበት ጆሮ ላይ፣ ማጠፊያው ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ ነው።

በቅርቡ ዳላስ ያለች ልጃቸውን ሊያርሱ የተዘጋጁ እናት ጠሩኝ። የፈለጉት ለሳሎኑ በር ሁለተኛ ቁልፍ ነው።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ዕቃ ቤቱን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

«ዕቃ ቤቱን ምን ያደርግልሃል ልጄ? ያለበት ኮተት ነው።»

ዕቃ ቤቱ ከሰርቪሱ ጀርባ ያለ፣ በባሕር ዛፍና በቆርቆሮ የቆመ ክፍል ነው። በሩ ላይ ያለው ጓጉንቸር አውራ ጣት አያክልም። ኮተቱ አለ፣ እውነታቸውን ነው፤ አሮጌ ፍራሽ፣ የተሰበረ ወንበር፣ ባዶ ጀሪካን። ከኮተቱ ኋላ ግን የእንጨት መሰላል፣ ዶማ፣ ሴጌቶ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሙሉ ዲጅኖ ቆሟል።

«እሱማ ጉድጓድ መቆፈሪያ ነው» አሉኝ ዲጅኖውን ሳነሳው።

«በርም ይገነጥላል እትዬ።»

ሌባ ዲጅኖ ተሸክሞ አስፓልት አያቋርጥም፤ ያስነቃዋል። ግቢው ውስጥ ካገኘ ግን የሳሎኑ በር ላይ ሁለት ቁልፍ ቢኖር ሦስት፣ መቃኑ ከግድግዳው ሲለያይ ቁልፎቹ እንደተቆለፉ ይወድቃሉ። መሰላሉም ለመስኮት ወይም ለጣራ ነው። ስለዚህ ሥራ የምጀምረው ከጓሮ ነው። ዲጅኖና ሴጌቶ ወደ ዋናው ቤት ይገባሉ፣ አልጋ ሥርም ቢሆን። መሰላሉ በጎኑ ይጋደምና ግድግዳ ላይ በተቀበረ ቀለበት በሰንሰለት ይታሰራል። ጄኔሬተርና የውሃ መሳቢያ ዲናሞ ዕቃ ቤት የሚቀሩ ከሆነ ከወለሉ ጋር በቡሎን ይያያዛሉ፤ የቡታ ጋዙን ሲሊንደር ግን ቤት ማስገባት ስለማይመከር እዚያው በሰንሰለት አስረዋለሁ።

የዕቃ ቤቱን በር ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጆሮው የተያዘው አብዛኛውን ጊዜ በአራት ትንንሽ ቪቶች ነው፣ እነሱም በካቻቪቴ ከውጭ ይፈታሉ። ባሕር ዛፉ እርጥብ ሳለ የጠበቀ ቪት እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፤ አንዳንዴ በጣት ስቤ ነቅዬዋለሁ። መፍትሔው ውድ አይደለም። እንጨቱን ከዳር እስከ ዳር በስቼ ቡሎን አሳልፋለሁ፣ ከውስጥ በኩል ሰፋ ያለ ቁራጭ ላሜራ አስደግፌ ዳዶውን አጠብቃለሁ፣ የተረፈውን የቡሎን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጬ እዘጋዋለሁ። ጓጉንቸሩም ቀለበቱ አጭርና ወፍራም፣ ጆሮውን ሞልቶ የሚቀመጥ ይሁን። በቀለበቱና በጆሮው መካከል ብረት የሚያስገባ ክፍተት ካለ የጓጉንቸሩ ዋጋ ምንም ለውጥ አያመጣም።

በሩ ተስተካክሎም ጣራው ይቀራል። 35 ጌጅ ቆርቆሮ ስስ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ውፍረቱ እንደሚቀንስ ብዙ ሰው ልብ አይለውም፣ 28 የሚሻለው ለዚህ ነው። ምስማሩ በዝገት ሲበላ ደግሞ ቆርቆሮው ከጠርዙ ቀና ይላል፣ ሰው በሩን ሳይነካ በላይ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎረቤት ምንም አይሰማም። ውድ ዕቃ የሚቀመጥበት ከሆነ ከቆርቆሮው ሥር በ8 ሚሊሜትር ፌሮ ፍርግርግ በይጄ ከማገሩ ጋር አስረዋለሁ። ካልሆነ ዕቃውን ማውጣት ከጣራው ይረክሳል።

ወደ ግቢው በር ስንመጣ የማልታገሰው ነገር አለ። ሰው ቤቱ ሲኖር የግቢው በር ከውስጥ ይሸጎራል፤ ሲሄድ ግን በሁለቱ ተካፋች መካከል ሰንሰለት አሳልፎ ትልቅ ጓጉንቸር በውጭ በኩል ያንጠለጥላል። ይህ «የለሁም» ብሎ ደጃፍ ላይ መጻፍ ነው። መላው የቆየ ነው፣ በየሰፈሩም አለ፤ መሸጎሪያውም ጓጉንቸሩም በውስጥ በኩል ሆነው ላሜራው ላይ የእጅ ማስገቢያ ይከፈታል። ባለቤቱ ቢኖርም ባይኖርም በሩ ከመንገድ ሲታይ ያው ነው። ጥበቡ ቀዳዳው ላይ ነው። እጅ ያስገባ እንጂ እስከ ክርን አያሳልፍ፣ አለዚያ የላዩ መሸጎሪያ ድረስ ይደረሳል። ጠርዙ በግራይንደር ካልተሞረደ ይቆርጣል። በውስጥ በኩል ጓጉንቸሩን በላሜራ ሳጥን እከልለዋለሁ፣ መቁረጫ እንዳይዞርበት።

ማጠፊያውንም አልረሳውም። የብዙ ግቢ በር ማጠፊያ ፒኖቹ ሁለቱም ወደ ላይ ስለሚያዩ፣ ሁለት ጎረምሳ በሩን ከሥር ቢያነሱት እንደተቆለፈ ይወልቃል። ላይኛውን ፒን ገልብጬ ወደ ታች ስበይደው በሩ ሊነሳ አይችልም። ወጪው ጥቂት ኤሌክትሮድ ነው፤ ደንበኛ ግን አዲስ ጓጉንቸር ሲገዛ እንጂ ይህን ስሠራ ገንዘቡ ሥራ ላይ የዋለ አይመስለውም።

በነገራችን ላይ ከጉዞ በፊት ቁልፉን ሞተር ዘይት የሚያጠጡ አሉ። የበጋው አቧራ ዘይቱ ላይ ተለጥፎ ጭቃ ይሆንና ከወራት በኋላ ባለቤቱ ሻንጣውን ይዞ ደጅ ይቀራል። የእርሳስ ዱቄት ቁልፉ ጥርስ ላይ አሽቶ ደጋግሞ ማስገባት ይበቃል።

ስለ መብራትና ካሜራ ሁሉም ሰው ስለሚያወራ አላበዛም። ቀትር ላይ የሚበራ አምፖል ቤቱ ባዶ መሆኑን ያሳብቃል፤ ቆጣሪው የካርድ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ሲያልቅ መብራቱም ካሜራውም ኢንተርኔቱም አብረው ይጠፋሉ። ካሜራው ቢሠራ እንኳ፣ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ምሽት ነው፤ ባለቤቱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የራሱን ቤት ሲዘረፍ ያያል። ስልክ የሚመታው ጎረቤት ዘንድ ነው። ጎረቤቱ ቁልፍ ከሌላቸው አጥር ላይ ሆነው መጮህ ነው የሚቀራቸው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ስለዚህ የግቢውን ቁልፍ፣ የግቢውን ብቻ፣ አንድ ቅጂ አውጥቼ ለጎረቤት እንዲሰጥ አደርጋለሁ። እሳቸው ቀን ደጃፉን ያስጠርጋሉ፣ የካርዱን ሂሳብ ያያሉ፣ ዕቃ ቤቱን ዞረው ይመለከታሉ። ባለቤቱ ሳይሄድ ግን ጎረቤትየው አንድ ማታ በጨለማ መጥተው እጃቸውን በቀዳዳው አስገብተው ይክፈቱት። ለረጅም ሰው ቁመት የተከፈተ ማስገቢያ ለአጭር ሰው አይመችም፤ ካልደረሱበት ዝቅ አድርጌ እንደገና እከፍተዋለሁ፣ የድሮውንም በላሜራ በይጄ እዘጋዋለሁ።