የወፍ ድምፅና የመዝገበ ቃላት ብያኔ

በልደታ ኮንዶሚኒየም ከአንዱ ሕንፃ መተላለፊያ ላይ ጎሕ ሲቀድ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው፣ የመኪናውና የባቡሩ ድምፅ ሳይበረታ ብዙ ይሰማል። ቁራው ከጣሪያው ጫፍ ሻካራ ድምፁን ይለቃል፤ ዋኔዋ በዝግታ ታጉረመርማለች፤ ድንቢጦች ይንጫጫሉ፤ ረጅምና ቆልማማ መንቆር ያላቸው ትልልቅ ወፎችም በመንጋ ሲያልፉ ሳቅ መሰል ድምፅ ያሰማሉ። ወፎቹን በዐይን ለማግኘት ከሕንፃ ሕንፃ መማተር ያሻል፤ ለጆሮ ግን ሁሉም ቅርብ ናቸው። ሆኖም ያ አድማጭ «ይህች ወፍ ማን ትባላለች? የምታሰማውስ ምን ይባላል?» ብሎ መዝገበ ቃላት ቢገልጥ የሚያገኘው መልስ እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህንኑ ጉድለት ነው።

ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ለንባብ ያበቁትን ዐቢይ መዝገበ ቃላት፣ ቶማስ ሌይፐር ኬንም በ1990 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ ያሳተሙትን የአማርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በአክብሮት እንጠቀምባቸዋለን። ይሁን እንጂ በወፎች ስም ላይ የተለመደው አበያየን ጠባብ ነው። ኬን በብዙ ቦታ «የወፍ ዓይነት» ብለው ያልፋሉ። ይህን የመሰለ ብያኔ የስሙን መኖር ይመሰክራል እንጂ ወፉን አያስለይም። ጉዳቱ የሚብሰው በተርጓሚ ላይ ነው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጋጋኖን፣ ይብራንና ሳቢሳን የሚያነብ ሰው ስማቸውን ይዞ ይቀራል፤ መልካቸውንም ድምፃቸውንም የሚነግረው የለም።

ሁለተኛው ጉድለት በግሦቹ ላይ ይታያል። ቋንቋችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ስለ ቤት ዶሮ ስንናገር አውራው ይጮኻል ወይም «ኩኩሉ» ይላል፤ እንቁላል የጣለችው ታስካካለች፤ ጫጩቶች ይንጫጫሉ። ድምፁ ከምክንያቱ ጋር ተለይቶ ተሰይሟል ማለት ነው። ስለ ዱር ወፎች ሲሆን ግን ሁሉም በ«ጮኸ» ወይም በ«ዘመረ» ሥር ይጠቃለላል። ቁራና ጉጉት ስማቸው ራሱ ድምፃቸውን ይመስላል፤ የግእዙ «ቋዕ»ም እንዲሁ ነው። ብያኔው ግን ይህን ምስክርነት ብዙ ጊዜ ሳያነሣ ያልፋል።

የወፍ ድምፅ አጥኚዎች ሁለት ነገር ይለያሉ። አንደኛው ረዘም ያለና የተቀናበረ፣ በአብዛኛው ክልልን ለማስከበርና ተጓዳኝን ለመሳብ የሚሰማ ነው። ሁለተኛው አጭር ሲሆን አደጋን ለማሳወቅ ወይም ከመንጋው ላለመለየት ያገለግላል። ለመጀመሪያው «ዝማሬ» የሚሉ አሉ፤ ይህ ቃል ግን በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት በቁርባን ጊዜ የሚቀርብ የታወቀ የዜማ ክፍል ስም ስለሆነ ለሙያ ቃልነት አይመችም። «ዜማ» ይሻላል እንላለን፤ ቅዱስ ያሬድን ሦስት አዕዋፍ ዜማ አሰሙት የሚለው ትውፊትም ይደግፈናል። ለሁለተኛው «ጥሪ» ማለት የባዕድ ቃል ግልባጭ ነው፤ ጥሪ «ና» ማለት ሲሆን ጭላት ያየች ወፍ ግን «ሽሹ» ነው የምትለው። ስለዚህ «ጩኸት»ን እንመርጣለን፤ እንደ አገልግሎቱም «የማንቂያ ጩኸት»፣ «የመፈላለጊያ ጩኸት» ይባላል። ጩኸት በዕለት ንግግር ዜማውንም እንደሚያጠቃልል አንዘነጋም፤ አንድን ሰፊ ቃል ለሙያ ማጥበብ ግን የተለመደ አሠራር ነው።

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» የሚለው ተረት በዚህ ሰፊ ፍቺ የተነገረ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በኋላ የደረሱበትን ይነካል። ቶርፕ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ፣ ከአዋቂዎች ተለይተው ያደጉ ጫጩቶች የወገናቸውን ዜማ አሟልተው እንደማይዙ አሳዩ፤ ማርለር ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአንድ ወገን ወፎች በካሊፎርኒያ ከቦታ ቦታ የተለያየ ዘዬ እንዳላቸው ገለጹ። ለቋንቋ አጥኚ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ድምፁ የተቀዳበትን አገር እንዲመዘግብ ግድ ይለዋል።

አማራጩን በምሳሌ እናሳይ። ከላይ ላነሣናቸው ባለ ቆልማማ መንቆር ወፎች ብያኔው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖር፣ ረጅምና ቆልማማ መንቆር ያለው፣ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቅ ወፍ፤ በመንጋ ሲበር ‹ሃ ሃ ሃ› እያለ እንደሚያስካካ ሰው ይጮኻል።» ከዚህ ብያኔ ፊት መቆም ያለበት ስም ከየአገሩ ተጠይቆ፣ ከድምፁ ቅጂ ጋር ተመሳክሮ መመዝገብ አለበት። ስሞቹን ከነድምፃቸው የሚያውቁት በየገጠሩ ያሉ እረኞችና አረጋውያን ናቸው፤ በልደታ ፎቅ ላይ የሚያድገው ልጅ ግን ወፎቹን በየማለዳው እየሰማ ሁሉንም «ወፍ» ብሎ ይጠራል። ስለዚህ የቃላት ሰብሳቢዎቻችን መጠይቅ ከእንግዲህ «ስሟ ማን ነው?» ከሚለው ቀጥሎ «ምን ትላለች? መቼስ ትላለች?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች እንዲጨምር እናሳስባለን።