የፋሲል መዋኛ፤ የንጉሥ ውሃና የሕዝብ ውሃ

ስለ ጎንደር ሕንጻዎች የሚሰጠው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ «ማን ሠራው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ይቆማል። ከፋሲል ግቢ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቀሃ ወንዝ አጠገብ የሚገኘውን መዋኛ ለማየት የሄደ ሰውም አስቀድሞ የሚሰማው የፖርቱጋልን ስም ነው። እኛ ግን «ለምን ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል እንላለን።

ትውፊት ሥራውን ለዐፄ ፋሲለደስ ይሰጠዋል። እኒህ ንጉሥ እ. ኤ. አ. በ1632 ነግሠው ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተዋል። በኖራ የመገንባት ጥበብ ግን አስቀድሞ በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ገብቶ ነበር። ስለዚህ ጥበቡ ከውጭ ቢመጣም አሳቡ የባዕድ ነው ለማለት አያስችልም።

መዋኛ የሚለውም ስም ጠባብ ነው። በገንዳው ውስጥ በድልድይ የሚገባበት ባለ ሁለት ደርብ ቤት፥ ዙሪያውንም ግንቦች ያሉት አጥርና የዛፍ ጥላ አለ፤ ይህ የማረፊያ ግቢ ነው። በሬኔሳንስ ዘመን፥ በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በጣልያን አገር በቲቮሊ ካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ ያሠራው ግቢም ከወንዝ በተጠለፈ ውሃ ይኖራል። ነገር ግን በዚያ ውሃው በፏፏቴ ይዘላል፤ በጎንደር ጸጥ ብሎ ቤቱን መልሶ ያሳያል። ለዓይን የኋለኛው ይበልጥብናል።

ይሁን እንጂ በዋግ፥ ዝናብ በሚያጥርበት በዝቋላ ላደግነው ለኛ፥ ለአንድ ሰው ደስታ የታጠረ ውሃ ቀላል ነገር አይደለም። ውበቱ ብቻ ይህን አይመልስም። የመለሰው ሕዝቡ ነው። በየዓመቱ በጥምቀት፥ ጥር 11 ቀን፥ ገንዳው ይሞላል፤ ውሃው ተባርኮ ወጣቱም ሽማግሌውም ይጠመቅበታል። ንጉሥ ለብቻው ያጠረው የሁሉ ሆነ። ሥራው ሁለተኛ ጊዜ የተሠራው በዚህ ነው ብንል አላበዛንም።

ከዚህ በመነሣት አንድ ነቀፌታ አለን። ከበዓሉ ውጭ የሚሄድ ጎብኚ የሚያየው ደረቅ ጉድጓድ ነው፤ ቤቱን አይቶ ይመለሳል፥ አጥሩን ያቀፉትን የዛፍ ሥሮችም እንደ ጌጥ ፎቶግራፍ ያነሣል። ሥሮቹ ግን ድንጋዩን ይዘውታልም ይሰነጥቁታልም። ስፍራው ከፋሲል ግቢ ጋር እ. ኤ. አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥበቃው ለቤቱ ብቻ ከሆነ የሚጠበቀው እኩሌታው ነው፤ ሥራው ቤቱ፥ ውሃው፥ ዛፉና የሚሰበሰበው ሕዝብ በአንድነት ናቸውና።