ጥላ ያለ ጥቁር

በዘይት ቀለም የአትክልት ቦታ ለመሳል የሚቀመጥ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው አበባው ላይ ነው። እኔ ግን ከጥላው ጀምሩ እላለሁ። አበባው የቱንም ያህል ቢያምር ጥላው ከሞተ ሥዕሉ ውስጥ ፀሐይ አትኖርም።

ክሎድ ሞኔ በ1905 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ የሚሠራባቸውን ቀለሞች ዘርዝሯል፦ ነጭ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ ቨርሚሊየን ቀይ፣ ጠቆር ያለ ማደር ቀይ፣ ኮባልት ሰማያዊና ኤመራልድ አረንጓዴ። ስድስት ብቻ፤ ጥቁር የለም። በ1883 የገባበትን፣ ኋላም ገዝቶ እንደ ልቡ የተከለውን የዢቨርኒ ግቢ ያን ጊዜ የሚስለው በእነዚህ ነበር። በ1900 የሳለውን፣ ዛሬ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ያለውን የአይሪስ መደብ ተመልከቱ፤ ዛፎቹ ሥር ያለው ጥላ ራሱ ቀለም ነው።

ነገሩ የዓይናችን ጠባይ ነው። በፓሪስ የጎብለን ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሼቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ቢደርሰው፣ ክሩን ያደበዘዘው ከጎኑ የተሸመነው ቀለም መሆኑን ደረሰበት፤ ጥናቱንም በ1839 አሳተመ። ቢጫ ያጠላበት ብርሃን ጎኑ ያለውን ጥላ ወደ ወይን ጠጅ ይገፋዋል። ሰማዩም በበኩሉ ሰማያዊውን ያወርድበታል።

የጽጌረዳ ጥላ የእግር መንገድ ላይ ሲወድቅ የማደርገው ይህን ነው። ኮባልቱን ከማደሩ ጋር አዋህጄ ነጭ እጨምርበታለሁ፤ ከመንገዱ ትንሽ ብቻ ጠቆር እንዲል እጠነቀቃለሁ። ከዚያ በቅጠሎቹ መሐል ሾልኮ የወረደውን ብርሃን በነጭና በቢጫ፣ ወፈር አድርጌ፣ አንዴ አሳርፋለሁ። አንዴ ነው! ሥር ያለው ቀለም ገና እርጥብ ስለሆነ ድጋሚ ሲነካ ቢጫውና ወይን ጠጁ ተፈጭተው ጭቃ ይሆናሉ። ብሩሹም ሸራውን በነካ ቁጥር በጨርቅ መጠረግ አለበት። ይህን የማይወድ ሰው በእርጥብ ላይ እርጥብ መሥራት አይሆንለትም።

ስለ ዘይቱ አጭር ነው፦ የመጀመሪያውን ንብር በተርፐንታይን አቅጥኑ፣ የተልባ ዘይቱን ወደ ላይኛው አብዙ። ሲገለበጥ የላይኛው ቀለም ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል።

ከባዱ ሰዓቱ ነው። ሞኔ ብርሃኑ ሲለወጥ ሸራ ይቀይር ነበር፤ የጠዋቱን ሸራ ከሰዓት በኋላ አይጨርሰውም። አዲስ አበባ ለምንሥል ሰዎች ይህ ይበልጥ ይሠራል። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣና ጥላው ሁሉ ዛፉ ሥር ይሰበሰባል፤ መንገዱን አቋርጦ የተጋደመው ጥላ ያለው ጠዋትና አመሻሽ ነው። ቤት ገብተው ከፎቶግራፍ የሚጨርሱ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ካሜራ ጥላን ብዙ ጊዜ ወደ ጥቁር ይወስደዋል፣ የወጣነው ደግሞ ጥቁር ያልሆነውን ልናይ ነው።

ስለዚህ ጥላው ሲዞር ብሩሹን አስቀምጡና ሸራውን አንሡ። በነጋታው ሰማዩ ከጠራ በዚያው ሰዓት እዚያው ተመለሱ።