አባቷን ጠየቅን፣ ደንበኛውንስ?

«ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበ፣ የአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የልብ ወለድ ፊልም ነው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ጉዳዩም የሴተኛ አዳሪ ኑሮ ነው። ያንን ጉዳይ በዚያ ዘመን ማንሣቱን እናደንቃለን፤ ሂሳችን ያለው በርእሱ ላይ ነው።

ርእሱ የሚፈልገው አባት ነው። እንዴ! ገንዘብ ከፍሎ የገባው ወንድስ ማነው? ሴቲቱ በዘሯ ትጠየቃለች፤ ገዢው ግን በርእሱ ውስጥ ስም የለውም።

በ1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ዲፕ ስሮት» የተባለው የወሲብ ፊልም ደግሞ ጭራሽ ጥያቄም የለው። ተመልካቹ እንደ ቀልድ አየው፣ ነጋዴው አተረፈበት። ተዋናይቷ ሊንዳ ቦርማን ግን በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጽሐፍ ባሏ በዱላና በማስፈራራት እንዳስገደዳት ገለጸች። ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ የሳቀው በምን ላይ ነበር?

«ይህን ማንሣት በባህላችን ነውር ነው» የሚሉን አሉ። እኛ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ይህን እንዲሁ አንቀበልም። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በአምባሰል ስም ይጠራል፤ በማሲንቆው ፍቅርና ገላ በሰምና ወርቅ ሲነሣ አድማጩ ወርቁን አያጣውም። ነውሩ መናገሩ አይደለም፣ ሰውን ዕቃ ማድረጉ ነው።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ እንዲህ ያለ ፊልም ሲያጋጥማችሁ «ጨዋ ነው ወይስ ባለጌ?» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁልን፦ የከፈለው ማነው? እሷስ እምቢ ማለት ትችል ነበር?