«ጥናት አልተደረገም» የምትለው ዓረፍተ ነገር

በጤና ሳይንስ ኮሌጆች ለመመረቂያ የሚቀርቡ የጥናት ጽሑፎችን መግቢያ ገልጦ የሚያነብ ሰው፣ ወደ ምዕራፉ መጨረሻ ገደማ አንዲት የምትደጋገም ዓረፍተ ነገር ታጋጥመዋለች። ጽሑፎቹ የሚዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስትመለስ «በዚህ ርእስ ላይ በአገራችን የተደረገ ጥናት የለም» ትላለች። ጠንቀቅ ያለው ተማሪ «እጅግ ጥቂት ነው» ብሎ ያለዝባታል። የተሸከመችው ኃላፊነት ቀላል አይደለም። ጥያቄው ቀድሞ ተጠንቶ መልስ ያገኘ ከሆነ የሕሙማንን ደም ለመቅዳትም ሆነ የእናቶችን ደጃፍ በመጠይቅ ለማንኳኳት በቂ ምክንያት አይኖርም። ይሁን እንጂ በዚያው ገጽ ላይ ያሉት ሌሎች ዓረፍተ ነገሮች እያንዳንዳቸው የምንጭ ቁጥር ይዘው ሲቆሙ፣ እርሷ ብቻ ያለ ምስክር ታልፋለች። ስለ ናሙናው መጠንና ስለ ስታቲስቲኩ አጥብቀው የሚጠይቁ ፈታኞችም እርሷን የሚያነሡት ከስንት አንዴ ነው።

ነገሩን በሙያው ቋንቋ ለማስቀመጥ፣ «ጥናት የለም» ማለት የምርመራ ውጤት ነው፤ ያውም ኔጌቲቭ ውጤት። አንድ የአክታ ምርመራ ኔጌቲቭ ሆነ ብሎ በሽተኛውን «የሳንባ ነቀርሳ የለብህም» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም አይመሰገንም። ምርመራው በሽታውን የማግኘት አቅሙ ምን ያህል ነው፣ አክታው በትክክል ተወስዷል ወይ፣ ስንት ጊዜ ታየ ተብሎ ይጠየቃል። ስለ ፍለጋ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም። ተማሪው የት ፈለገ? በምን ቃል? መቼ? ጽሑፉ ይህን አይናገርም፤ አማካሪውም ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ፖዶኮኒዮሲስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር በመኖርና በመሥራት የሚመጣው ይህ የእግር እብጠት በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በስፋት የሚታይ ሲሆን፣ ሕዝቡ ከሌላው ዓይነት ሳይለይ ዝሆኔ ይለዋል። ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያወጣለት በኢትዮጵያ ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ስሙ ከመለመዱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ስለ በሽታው የታተሙ ጽሑፎች፣ የፕራይስን የራሱን የቀድሞ ሥራዎች ጨምሮ፣ በሽታውን የሚጠሩት «የታችኛው እግር ዝሆኔ»፣ «ከፊላሪያ ትል ያልመጣ ዝሆኔ» በሚሉና በመሳሰሉ ስሞች ነበር። እንግዲህ በፐብሜድ የመፈለጊያ ሣጥን ውስጥ «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎ ብቻ የጻፈ ተማሪ የቅርብ ጊዜዎቹን ጥናቶች አግኝቶ መሠረት የጣሉትን ሊያጣ ይችላል። የዝሆኔን የእንግሊዝኛ አቻ ብቻ የጻፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከፊላሪያ ትል ስለሚመጣው በሽታ የተጻፈውን ነው። ይህኛው ስሕተት የመመረቂያ ጽሑፍን ከማጉደል አልፎ ሕሙማን ዘንድ ይደርሳል፤ በአንደኛው በሽታ ትሉን የሚገድል መድኃኒት ሲያስፈልግ፣ በሌላው የሚጠቅመው እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳን ማለስለስና ጫማ ማድረግ ነውና። ስሞቹን ሁሉ «ወይም» በሚለው ማያያዣ አጣምሮ፣ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል «እና» በሚለው ጨምሮ መፈለግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። «ወይም» መረቡን ያሰፋል፣ «እና» ያጠብባል፤ ትምህርቱ በአጭሩ ይኸው ሆኖ ሳለ ብዙዎች ሳይሰሙት ይመረቃሉ።

የስም ነገር በበሽታ ላይ አያበቃም። የውጭ አገር የመረጃ ቋቶች ደራሲን የሚመዘግቡት በቤተሰብ ስም ነው፤ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በአብዛኛው የራሱና የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። ስለዚህ አንዱ ተመራማሪ በአንድ ጽሑፍ በአባቱ ስም፣ በሌላው በራሱ ስም፣ አልፎ አልፎም በአያቱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። የአገር ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ግን እንደ ባህሉ በራሱ ስም ያስቀምጠዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ወላይታም፣ ጎንደርም፣ ጅማም ከአንድ በላይ አጻጻፍ አላቸው። ተማሪው በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «በጎንደር የተደረገ ጥናት የለም» ቢል፣ የጠፋው ጥናቱ ሳይሆን አንዲት ፊደል ልትሆን ትችላለች። በባሕር ማዶ የተዘጋጁ የፍለጋ መማሪያዎች ይህን ባያስተምሩ አይፈረድባቸውም። በኢትዮጵያ የሚሰጠው ትምህርት ግን ከዚሁ መጀመር ሲገባው በዝምታ ማለፉ የሚያስወቅሰው ነው።

ትምህርቱ በብዙ ቦታ የሚሰጥበት መልክም ሊታይ ይገባዋል። ተማሪዎች በገቡበት ሰሞን በቡድን ወደ ቤተ መጻሕፍት ይወሰዳሉ፤ መደርደሪያው፣ የመዋሻ ደንቡ፣ የኮምፒዩተሩ ክፍል ይታያል፤ የይለፍ ቃል ይነገራል፤ ጉብኝቱ ያልቃል። ከዓመታት በኋላ የምርምር ዘዴ ኮርስ ሲመጣ ፍለጋ የአንድ ክፍለ ጊዜ ርእስ ሆና ብቅ ትላለች። በሁለቱም ጊዜ የሚነገረው በሩ የት እንደሆነ ነው። በሩ ደግሞ እንደ ቀድሞው የተዘጋ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪን ካቋቋመ ወዲህ በኢትዮጵያ የተመዘገቡ ተቋማት በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ማንበብ ችለዋል፤ ፐብሜድ ከ1997 ጀምሮ ለሁሉም በነፃ ክፍት ነው፤ የአህጉሩን መጽሔቶች የሚሰበስበው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚያኖርበት የኤሌክትሮኒክ ክምችት አለው። የጎደለው ከበሩ ወዲያ ያለው ነው፤ ይኸውም ሐሳብን ሊፈለግ ወደሚችል ጥያቄ መለወጥ። «የሕፃናት ተቅማጥ» ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ከ5 ዓመት በታች ባሉና አጣዳፊ ተቅማጥ በያዛቸው ሕፃናት ላይ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ብቻ ከመስጠት ይልቅ ዚንክ መጨመር የሕመሙን ቀናት ያሳጥራል ወይ?» ሲባል ግን በሽተኛው፣ ሕክምናው፣ ንጽጽሩና ውጤቱ እያንዳንዳቸው የፍለጋ ቃል ይሆናሉ። ይህን መልመድ ከበሽተኛ ታሪክ መቀበልን ከመልመድ የተለየ ችሎታ አይጠይቅም። የትኛውም መምህር ግን ታሪክ መቀበልን በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ጨረስኩ አይልም።

የወረቀቱ ዘመን በዚህ ረገድ ሳያስበው አስተማሪ ነበር። ጆን ሾው ቢሊንግስ እ.ኤ.አ. በ1879 ያስጀመረውና በኅትመት እስከ 2004 የወጣው «ኢንዴክስ ሜዲከስ» የርእስ ቃሉን ለማያውቅ አንባቢ የሚሰጠው ነገር አልነበረም፤ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ያልተገኘው ጽሑፉ ሳይሆን ቃሉ መሆኑን መጠርጠሩ አይቀርም። የዛሬው ሣጥን የጻፉለትን ሁሉ ተቀብሎ አንድ ነገር ይመልሳል። ከ35 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች ባሉበት ክምችት ውስጥ የተሳሳተ ቃልም ውጤት አያጣምና፣ ስሕተት እንደ ስኬት መስሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚሠራበት የሕክምና የርእስ ቃላት ዝርዝር፣ በአጭሩ ሜሽ፣ ዛሬም ከሣጥኑ ጀርባ አለ፤ ነገር ግን ከጀርባ ስለሆነ ተማሪው መኖሩን ሳያውቅ ያልፋል።

ሌላው መመርመር ያለበት ልማድ «ከ5 ዓመት በላይ የሆነውን ጽሑፍ አትጥቀስ» የሚለው የአማካሪዎች ትእዛዝ ነው። ስለ ወባ መድኃኒት ለሚጽፍ ተማሪ ትእዛዙ ምክንያት አለው። ለሁሉም ርእስ እንደ ሕግ ሲያዝ ግን ዕውቀትን የሚጋርድ መጋረጃ ይሆናል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ያስተዋለውን፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል እንዳለው የሚያሳየውን የመጀመሪያ ዘገባ ያቀረበው በ1965 በዚሁ በኢትዮጵያ፣ በኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ላይ ነው። በአምስት ዓመቱ ሕግ ከሄዱ ስለ ቢልሃርዚያ ቁጥጥር የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ሥራ መጥቀስ አይችልም።

መጋረጃው ሕይወትም ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከአስም ጋር በተያያዘ በተካሄደ ጥናት፣ የ24 ዓመት ጤነኛ በጎ ፈቃደኛ ሄክሳሜቶኒየም የተባለውን መድኃኒት በትንፋሽ እንድትወስድ ከተደረገ በኋላ ሳንባዋ ተጎድቶ ሰኔ ላይ ሞተች። መድኃኒቱ በ1950ዎቹ ለደም ግፊት ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ በሳንባ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚናገሩ ጽሑፎች በዚያው ዘመን ታትመው ነበር። ተመራማሪው የማስተማሪያ መጻሕፍትን አይቷል፤ ፐብሜድንም ፈልጓል። በዚያን ጊዜ ግን ፐብሜድ ወደ ኋላ የሚሄደው እስከ 1966 ብቻ ነበር። ጥፋቱ የፍለጋ ብቻ እንዳልነበረ፣ ጥናቱን ያጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴም እንደተወቀሰ መጥቀስ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዓለም ከታወቁት የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አንዱ በቅርብ ባለበት ግቢ፣ የመረጃ ቋቱ የሚጀምርበትን ዓመት ልብ አለማለት ያስከተለው ይህን ነው። ቋቱ ከዚያ ወዲህ የ1940ዎቹን መጨረሻና የ1950ዎቹን መዛግብት ጨምሯል፤ በፈቃዱ «ያለፉት 5 ዓመታት» የሚለውን ምልክት ለሚያደርግ ሰው ግን ይህ ሁሉ እንዳልተጨመረ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ መጥተዋል። የቀድሞው ሥጋት ያለውን ጽሑፍ አለማግኘት ነበር፤ አሁን የሌለውን ማግኘትም ተጨምሯል። እነዚህ መሣሪያዎች የደራሲ ስም፣ የመጽሔት ስም፣ ዓመትና ገጽ የያዘ፣ ነገር ግን ማንም ጽፎት የማያውቅ ምንጭ ፈጥረው ሊሰጡ እንደሚችሉ በተደጋጋሚ ታይቷል። ለአንድ በሽታ የሚነገሩ ልዩ ልዩ ስሞችን ለማሰባሰብ ሊጠቅሙ ይችላሉ፤ የፖዶኮኒዮሲስን የቀድሞ ስሞች የጠየቃቸው ተማሪ ይተርፍ እንደሆነ እንጂ አይጎዳም። የሰጡትን የምንጭ ዝርዝር ሳያጣራ የሚለጥፈው ግን ያልተወሰደ ናሙና ውጤት እንደሚጽፍ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ማጣሪያው አርእስቱን ገልብጦ በፐብሜድ ወይም በመጽሔቱ ገጽ ላይ መፈለግ፣ ጽሑፉንም ከፍቶ ማንበብ ነው።

መብራትና ኔትወርክ የሚቆራረጥበት፣ መጻሕፍት በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩበት ግቢ ውስጥ ይህን ሁሉ መጠበቅ ጭካኔ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን ጥያቄውን፣ ስሞቹንና ማያያዣዎቹን ቀድሞ በወረቀት ላይ ያዘጋጀ ተማሪ ኔትወርኩ በመጣባት ሩብ ሰዓት ሥራውን ይጨርሳል፤ ያላዘጋጀው ግን ሙሉ ቀን ቢሰጠውም አይበቃውም። ይኸው ተማሪ በዓመቱ ጤና ጣቢያ ተመድቦ፣ ያላየው ሕመም ሌሊት ሲመጣበት የሚጠይቀው በአቅራቢያው ላያገኝ ይችላል። በእጁ ያለው ስልክና የመጠየቅ ልምዱ ብቻ ይሆናል።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውም በዚህ ሒደት ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። በሌላው ዓለም የተደራጁ የጥናት ግምገማዎችን በሚያዘጋጁ ቡድኖች ውስጥ የፍለጋውን ክፍል የሚሠራውና ስሙም ከደራሲዎቹ ጋር የሚወጣው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። በኢትዮጵያ ኮሌጆች ግን በብዙ ቦታ ባለሙያው የሚታወቀው መታወቂያ በመያዝና ጸጥታ በማስከበር ሲሆን፣ በመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ አይጠራም። አንድም ተጨማሪ ሠራተኛ ሳይቀጠር፣ አንድም ተጨማሪ ብር ሳይወጣ ሊስተካከል የሚችል ጉድለት ነው።

እንዲሁም የተደራጁ ግምገማዎች የሚጻፉበት ፕሪዝማ የተባለው መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተሻሻለው ቅጂው፣ የእያንዳንዱ የመረጃ ቋት ፍለጋ ሙሉ ቃሉ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ከተማሪ ያን ያህል ባይጠበቅም፣ የተፈለገበትን ቦታ፣ ቃላቱን፣ ቀኑንና የተገኘውን ብዛት የያዘ ግማሽ ገጽ በአባሪነት ማያያዝ አይከብድም። ያን ጊዜ በመግቢያው መጨረሻ ያለችው ዓረፍተ ነገር «በእነዚህ ሦስት የመረጃ ቋቶችና በኮሌጁ የመመረቂያ ጽሑፎች መደርደሪያ፣ በእነዚህ ቃላት፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ተፈልጎ አልተገኘም» ወደምትል ትለወጣለች። ትረዝማለች፤ ኩራቷም ይቀንሳል። ፈታኙ ግን ቃላቱን ከአባሪው ወስዶ፣ ተማሪው ፊት ለፊቱ እንደቆመ፣ በራሱ ኮምፒዩተር ሊሞክራት ይችላል።